ለጣና ጀልባ ማማና ጥላ፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት አጋማሽ

ጀልባዋ ፋይበር ናት። ርዝመቷ 6 ሜትር፣ ወርዷ 2.1 ሜትር ነው። ከኋላ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ያማሃ ሞተር ተገጥሞላታል። ሥራዋ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ እንጦስ ገዳማት ሰው ማመላለስ ነው። ጥላዋ በቀጭን የውኃ ቱቦ ላይ የታሰረ አሮጌ ሸራ ነበር። ዘንድሮ ክረምቱ ጨረሰው፤ ግማሹ ተቀደደ፣ የቀረውም እንደ ወንፊት ውኃ ያሳልፋል። አዲስ ጥላ ግድ ሆነ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ቀላል ነበር። የአጎቴ ልጅ ግን ከውጭ ሲመጣ ከሻንጣው ጋር ዌክቦርድ ይዞ መጣ። ለማያውቀው ሰው፦ እግር የሚታሰርበት ሰፊ ሰሌዳ ነው። ጀልባ በገመድ ይጎትታል፤ ሰውየው ጀልባዋ በምታስነሳው ማዕበል ላይ እየዘለለ ይጫወታል። ለዚህ ጨዋታ የተሠሩ ጀልባዎች መሃላቸው ላይ ከፍ ያለ የቱቦ ማማ አላቸው። ገመዱ የሚታሰረው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ስበቱ ከላይ ስለሚመጣ ተጫዋቹ ሲዘል ያግዘዋል እንጂ ወደ ታች አይጎትተውም። ጥላውም፣ መብራቱም፣ የሰሌዳ መስቀያውም እዚያው ማማ ላይ ይታሰራል።

«ለጥላው ብረት መግዛታችን ካልቀረ፣ ለምን ማማ አናደርገውም?» አለ።

ክፉ ሐሳብ አይደለም። እሱ ስለ ገመዱ ያስባል፣ እኔ ስለ ጥላው። ጀልባዋን የሚነዱልን ጋሼ ደግሞ ሁለታችንንም ዝም ብለው ሰሙንና «ንፋሱንስ ማን ያስብለታል፣ ልጆቼ?» አሉ። የሥራው ቅደም ተከተል ከዚያች ጥያቄ ወጣ። መጀመሪያ ፀሐይ፣ ቀጥሎ ንፋስ፣ ከዚያ ብረት። ገመዱ መጨረሻ።

ጥቅምት መጨረሻ

ጥላ ሲባል ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ነው የሚያየው። ፀሐይ ግን ከአናት በላይ የምትውለው ለአጭር ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ላይ የቀትር ፀሐይ ትክክል ከአናት በላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ገደማ። ነሐሴ ደግሞ ደመና ነው። እንግዳ የሚበዛው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ያን ጊዜ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ታኅሣሥ ላይ በቀትር እንኳ ከፍታዋ 55 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥላው ከተቀመጠ ሰው ራስ 80 ሳንቲም ከፍ ቢል፣ ጥላው የሚያርፍበት ቦታ ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይሸሻል ማለት ነው። ጠዋትና ከሰዓትማ አይወራም።

ስለዚህ የጀልባዋን መንገድ በወረቀት ሣልኩት። ዘጌ ከባሕር ዳር በሰሜን ምዕራብ በኩል ናት። እንግዳ የሚነሳው ጠዋት ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት ፀሐይዋ በምሥራቅና በደቡብ መካከል ነች። ስለዚህ ስንሄድ ከኋላችን፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ብላ ትመታናለች። 9 ሰዓት ላይ ስንመለስ ደግሞ አቅጣጫችን ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራለች። ያኔም የምትመጣው በቀኝ ጎን ነው። በሁለቱም ጉዞ የሚለበለበው የቀኝ ወንበር ነው! ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ለዚህ ነው እኔ ሁልጊዜ ፈረንጆቹን በግራ የማስቀምጠው» አሉ።

የወጣው ውሳኔ፦ ጥላው ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ይርዘም። በቀኝ በኩል የሚጠቀለል መጋረጃ ይኑረው። ገበያ ላይ ያሉት ጥላዎች ግን ፊትና ኋላቸው እኩል ነው። ጀልባዋ ወዴት እንደምትሄድ የሠራቸው ሰው አያውቅማ።

ሌላም ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው አይሰማውም። ማታ ሆቴል ሲገባ ነው አፍንጫው የሚነግረው።

ኅዳር መጀመሪያ

የንፋሱ ተራ። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። የጀልባ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ሸራው ደግሞ ከማማው ጋር ሲታሰር ጥላ ብቻ አይደለም፤ ንፋስ ከሥሩ ከገባ ወደ ላይ የሚያነሳ ክንፍ ነው።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ጥላው 2 ሜትር በ3 ሜትር፣ ማለትም 6 ካሬ ሜትር ነው። ጀልባዋ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትሄድና 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ቢመጣባት፣ ሸራው የሚያየው 50 ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ይህን ቀንሰንለት እንኳ በካሬ ሜትር ወደ 10 ኪሎ ጉልበት ይመጣል። በጠቅላላው 60 ኪሎ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ በድንገተኛ ንፋስ 80 ቢደርስ 150 ኪሎ ያልፋል። ይህ ሸራው ሙሉ በሙሉ ንፋሱን ከተቀበለ ነው፤ ጠፍጣፋ ተወጥሮ ከታሰረ ያንሳል። እኔ ግን ለክፉው ነው የማስበው።

ስለዚህ የማማው እግር በአናት ላይ ያለውን ክብደት ለመሸከም ብቻ አይበቃም። ወደ ላይ መነቀልንም መቋቋም አለበት። ለእንጨት በሚሆን ብሎን ፋይበር ላይ የተጣበቀ እግር ለዚህ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ሸራው በአንድ ሰው እጅ በፍጥነት መውረድ አለበት። ጋሼ ብቻቸውን በሚሆኑበት ቀን ማለቴ ነው።

ከኅዳር ሚካኤል በኋላ

ብረት መረጣ። ከሁሉም ብዙ ክርክር ያየው ይሄ ነው።

የአጎቴ ልጅ ተገጣጣሚ የአሉሚኒየም ማማ ከውጭ እናስመጣ ይላል። እውነቱን ለመናገር ዕቃው ቆንጆ ነው። ውጭ አገር ብዙው ማማ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ቱቦ ነው። ቀላል ነው፣ አይዝግም። ነገር ግን የሚለካው ለሌላ ጀልባ ነው፤ ጎናቸው ወፍራምና ጠንካራ ለሆኑ ጀልባዎች። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የውጭ ምንዛሪው ሲደመርበት ደግሞ ሞተር የመግዛት ያህል ይሆናል። ዋናው ስጋቴ ግን ሌላ ነው፦ ቢሰነጠቅ ማን ይበይደዋል? የጠነከረ አሉሚኒየም ሲበየድ ብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ጉልበቱን በብዙ ያጣል። እዚህ ከተማ አሉሚኒየም ለመስኮትና ለበር በብሎን ሲገጣጠም ነው የማየው፤ ሸክም ለሚሸከም ዕቃ ሲበየድ ግን አላየሁም።

ጥቁር ብረት የሁሉም በያጅ ምርጫ ነው። ርካሽ ነው፤ ኤሌክትሮድ ያለው ሁሉ ይበይደዋል። ጣና ጨው የለውም፤ ስለዚህ ዝገቱ እንደ ባሕሩ አይከፋም። የሚያስፈራኝ ክብደቱ ነው። ለማማችን በጠቅላላ 14 ሜትር ቱቦ ይበቃል። 50 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ጥቁር ቱቦ በሜትር 3.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በድምሩ 49 ኪሎ ይሆናል። ያው ቱቦ በአሉሚኒየም ቢሆን 17 ኪሎ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ ከወለል በላይ፣ ከፊሉም ከሰው ራስ በላይ የሚቀመጥ ክብደት ነው። ጀልባ ላይ አንድ ኪሎ ታችና አንድ ኪሎ ላይ እኩል አይደሉም።

መልሱ የተገኘው ደረጃ ላይ ነው። ባሕር ዳር በየሕንፃው የሚያብረቀርቅ የስቴንለስ የደረጃ መደገፊያ አለ። የሚሠሩት ልጆች በአርጎን ጋዝ የሚበይዱ በያጆች ናቸው። ቱቦውን ያጥፋሉ፣ ይበይዳሉ፣ ይወለውላሉ። ማማም ቢሆን ዞሮ ዞሮ የታጠፈ ቱቦ ነው። 50 ሚሊ ስፋትና 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ስቴንለስ በሜትር 2.4 ኪሎ ገደማ ነው፤ በ14 ሜትር 33 ኪሎ ይመጣል። በጥቁር ብረትና በአሉሚኒየም መካከል ማለት ነው። ይህንን ያዝን።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች ግን አሉ። ለደረጃ የሚሸጠው ቱቦ ብዙ ጊዜ በጣም ስስ ነው። ለእጅ መደገፊያ ይበቃል፣ ለማማ አይበቃም። ውፍረቱን ሻጩ ከሚነግር መለኪያው ካሊፐር ቢነግር ይሻላል። ሁለተኛው የብረቱ ዓይነት ነው። ገበያ ላይ 201 እና 304 የሚባሉ አሉ። 304 ኒኬሉ ስለሚበዛ ዝገትን በደንብ ይችላል፤ 201 ርካሽ ነው፣ ቶሎ ነጠብጣብ ያወጣል። ሻጩ ማግኔት አምጥቶ «ይኸው አይዝም፣ ኦሪጅናል ነው» ይላል። ሁለቱንም አይዝም! ማግኔቱ እነዚህን ሁለቱን አይለይም። ቱቦው ላይ የታተመውን ማየት ወይም በመፈተሻ ጠብታ ማረጋገጥ ነው። ለባሕር የሚመከረው 316 ለጣና አያስፈልግም፤ ጨው ለሌለው ውኃ 304 በቂ ነው።

በያጁ ጎበዝ ወጣት ነው። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ጠየቅኩት፦ ጥቁር ብረት የቆረጠበትን ዲስክ ስቴንለሳችን ላይ እንዳያሳርፍ። የጥቁሩ ብናኝ ከተጣበቀ በክረምት ስቴንለሱ ራሱ የዛገ ይመስላል። «አውቃለሁ ወንድሜ፣ ባንክ ቤት ስንሠራ በዚህ ተጣልተናል» አለኝ። ደስ አለኝ።

ኅዳር ጽዮን ሰሞን

የገመዱ ጉዳይ አልቀረም።

አሁን ያለችው የመጎተቻ ቀለበት ከኋላ፣ ከውኃው ግማሽ ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። ማማው ላይ ቢሆን ገመዱ ወደ 2 ሜትር ይወጣል። ተጫዋቹ ወደ ጎን ሲያጋድል ያው ስበት ጀልባዋን የማዘንበል ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ጨዋታ የሚሠሩት ጀልባዎች ይህን የሚችሉት ሰፊና ከባድ ስለሆኑ ነው። እንዲያውም ሆን ብለው ውኃ በከረጢት ይሞሉባቸዋል፤ ከባድ ጀልባ ትልቅ ማዕበል ስለሚያስነሳ። የኛዋ ቀላልና ጠባብ ናት።

ሌላም አለ። የአጎቴ ልጅ በአየር የሚሞላ የጎማ መንሳፈፊያም ለልጆች እንጎትታለን ብሎ ነበር። የማማ አምራቾች ግን አብዛኞቹ ይህን ከማማ ላይ አጥብቀው ይከለክላሉ። ጎማው ውኃ ውስጥ አፍንጫውን ከቀበረ ስበቱ በቅጽበት ይበረታል፤ ማማውን ሊያጣምመው ይችላል። ሰሌዳ የያዘ ሰው ከከበደው እጀታውን ይለቅቃል፤ ጎማው ግን ራሱ የታሰረ ስለሆነ አይለቅም። ስለዚህ ጎማ ካለ ከታችኛው ቀለበት ብቻ።

ከዚያ የሞተሩ ነገር። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ጣና ላይ ባለ 40ው ሞተር 33 ገደማ ነው ማለት ነው። ሰው ከውኃ ውስጥ ጎትቶ ለማስነሳት ይቸግራል። ፕሮፔለሩን ጠመዝማዛው ጠበብ ባለ መቀየር አነሳሱን ያግዛል፤ የጠፋውን ጉልበት ግን አይመልስም።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ማዕበሉ ነው። ውጭ አገር ትልቅ ማዕበል የጨዋታው ዓላማ ነው። እዚህ ከዘጌ እንጨት ጭኖ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አለ። ታንኳው ከውኃው እምብዛም ከፍ አይልም። የኛ ማዕበል ለእሱ ጭነቱን መድፋት፣ ባስ ሲልም ራሱን መስጠም ነው። ጋሼ በዚህ ላይ አልተደራደሩም። «ታንኳ ሳይ ሞተሬን አቀዘቅዛለሁ። ያኔ ሰሌዳችሁም ይሰጥማል፣ እናንተም ትሰጥማላችሁ» አሉ። ገዳማቱ አጠገብም እንዲሁ፤ እዚያ በጸጥታ ነው የሚታለፈው።

ቦታም መምረጥ አለበት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ፤ ተሸካሚው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ጥልቀት በሌለውና ሣር ባለበት ውኃ ነው። ስለዚህ መጫወት ካለ ከዳር ርቆ፣ ጠዋት በማለዳ፣ ታንኳ በማያልፍበት ነው። ይህ ሁሉ ሲደመር ጨዋታው በወር አንዴ ቢሆን ነው። ጥላው ግን የየቀን ሥራ ነው።

ውሳኔ፦ ማማው የሚሠራው ለጥላ ነው። የገመድ መያዣ ይኖረዋል፤ ግን ለአንድ ሰው፣ ለሰሌዳ ብቻ። የአጎቴ ልጅ ትንሽ አኮረፈ። ቡና ተጠጣና አለፈ።

አንድ ግጭት ግን ቀረ። ፀሐይዋ ጥላው ወደ ኋላ እንዲረዝም ትፈልጋለች። ገመዱ ደግሞ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፤ ሸራው ላይ ይታሻል። ስለዚህ የኋለኛው 1 ሜትር ለብቻው እንዲጠቀለል ሆኖ ይሰፋል። ሲጎተት ይጠቀለላል፣ እንግዳ ሲጫን ይዘረጋል።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ሸራ። ሦስት አማራጭ አየን።

አረንጓዴው መረብ፣ ችግኝ ላይ የሚዘረጋው፣ በጣም ርካሽ ነው። ንፋስ ስለሚያሳልፍ ማማውን አያስጨንቅም። ዝናብ ግን አይመልስም። ጥላውም ሙሉ አይደለም። ለቀኙ መጋረጃ ግን ልክ ነው፤ እንግዳው ሐይቁን እያየ ይሄዳል፣ ንፋሱም አይዘጋም።

ለአናት የመረጥነው የጭነት መኪና ሸራ ዓይነት ነው፤ በፕላስቲክ የተለበጠው። ውኃ አያስገባም፣ ባሕር ዳር ሰፊው አለ፣ ሲቀደድም እዚሁ ይጠገናል። ለጀልባ ተብሎ የሚሠራው የአክሪሊክ ጨርቅ ቀለሙ በፀሐይ ቶሎ አይለቅም፣ ይተነፍሳልም፤ ከውጭ ማስመጣቱ ግን አላዋጣንም።

ቀለሙ አከራከረን። ላዩ ነጣ ያለ ቢሆን ሙቀቱን ይመልሳል። ውስጡም ነጭ ከሆነ ግን ከውኃው የሚነሳው ነጸብራቅ ሸራው ላይ ተጋጭቶ ወደ ዓይን ይመለሳል። ስለዚህ ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ሰማያዊ የሆነውን ወሰድን።

ሰፊው ጠፍጣፋ አድርጎ ሊሰፋው ነበር። መሃሉ ላይ አንድ ቅስት ጨምረን ወደ ጎንና ወደ ጎን እንዲያዘነብል አደረግን። ሸራ ላይ 1 ሳንቲም ውኃ ሲጠራቀም በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ነው። አንድ ሐምሌ ያንን በደንብ ያሳየናል።

ታኅሣሥ ገብርኤል ሰሞን

ገጠማ። አራት እግር፣ እያንዳንዱ በአራት ብሎን። ፋይበሩ ከሥር ወፍራም የአሉሚኒየም ላሜራ ተደግፎለት፣ ብሎኑ ከላይ እስከ ታች አልፎ ነው የታሰረው። ጉልበቱ በጉድጓዱ ዙሪያ ብቻ ሳይሆን በሰፊው እንዲበተን ነው።

ፋይበሩ ሲበሳ ላዩ እንዳይሰነጠቅ ትራፓኖውን መጀመሪያ ወደ ኋላ እያዞሩ ላዩን መፈቅፈቅ፣ ከዚያ ወደ ፊት መብሳት። የጉድጓዱ አፍ ትንሽ ሰፋ ተደርጎ በፖሊዩሬታን ማሸጊያ ተሞላ። የስቴንለስ ብሎንና የስቴንለስ ዳዶ በደረቁ ሲጠብቁ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ግራሶ ነካ ማድረግ ያስፈልጋል። ስቴንለሱ ከአሉሚኒየሙ ላሜራ ጋር በሚገናኝበትም የፕላስቲክ ሮንዴላ ገባ፤ ሁለቱ በእርጥበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል።

ቱቦው ሲታጠፍ እንዳይጨማደድ ደረቅ አሸዋ ሞልተው አፉን በእንጨት ደፍነው ነው ያጠፉት። ጥንታዊ ዘዴ ነው፣ ግን ያምራል። ብየዳው ላይ የቀረው ሰማያዊና ቡናማ ቀለም በአሲድ ቅባት ተጸዳ። ያ ካልጸዳ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከገና በፊት

ፍተሻ። ወደብ ላይ ታስራ ሳለች አሸዋ የሞላ ጆንያ ከማማው አናት ላይ አንጠለጠልን። እግሮቹ አልተነቃነቁም። ቀጥሎ ሰዎች በአንድ ጎን እንዲቆሙ ተደረገ። ጀልባዋ ከድሮው ትንሽ በለጥ ብላ ታዘነብላለች፣ ቀስ ብላም ትመለሳለች። ጋሼ ተመለከቱና የጭነቱን ልክ ራሳቸው በአንድ ሰው ቀነሱ። ልክ ናቸው፤ 33 ኪሎ ብረትና ሸራው አናት ላይ ወጥተዋል።

ውኃ ላይ ስንወጣ ሞተሩ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ማማው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ በላይም ከዚያ በታችም ዝም ይላል። በሁለቱ የኋላ እግሮች ላይ ሰያፍ ድጋፍ ሲጨመር ጠፋ። ሸራውን ጋሼ ብቻቸውን አወረዱት። አራት መቆለፊያ ብቻ ነው ያለው፤ ገመድ መፍታት የለም።

ከዘጌ መልስ የቀኙ መጋረጃ ወረደ። በቀኝ የተቀመጠችው እንግዳ ኮፍያዋን አውልቃ እንቅልፍ ወሰዳት።

የጥምቀት ሳምንት

ጥር ሥራ የሚበዛበት ወር ስለሆነ የቀረውን አቆይተነዋል። በዓል ላይ ሰው ማማው ላይ ወጥቶ ፎቶ ሊነሳ ይፈልጋል፤ «መውጣት ክልክል ነው» የሚል በቀይ ተጽፎ ተለጥፏል። ጋሼ ግን ጽሑፉን ሳይሆን ድምፃቸውን ነው የሚያምኑት።

የቀሩት ነገሮች፦ ፕሮፔለሩ ገና አልተቀየረም፣ ስለዚህ ሰሌዳው እስካሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የኋለኛው ሸራ ሲጠቀለል የሚታሰርበት ቀበቶ አጭር ነው፤ ሰፊው ከበዓል በኋላ ያስረዝመዋል። ብሎኖቹ በሙሉ ከጾም በፊት እንደገና ይጠበቃሉ፤ በንቅጥቃጥ የላላ ካለ ያኔ ይታያል።